ማርሻል የተሸነፈበት መክፈቻ ለምን አልሞተም?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1918 ኒው ዮርክ ውስጥ በተካሄደ የቼስ ውድድር ሆሴ ራውል ካፓብላንካ ነጩን፣ ፍራንክ ማርሻል ጥቁሩን ይዘው ተጋጠሙ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በስምንተኛው ተራ ማርሻል ያልተለመደ እርምጃ ወሰደ። አንድ ወታደሩን አስበልቶ፣ በዚያ ዋጋ በተገኘው ጊዜ የነጩን ንጉሥ ማጥቃት ጀመረ። 36ኛው ተራ ላይ ግን እጅ የሰጠው እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በየቼስ መጽሐፉ ሲተረክ የሚወጣለት ትርጉም አንድ ነው፤ ማርሻል ዓመታት ሙሉ በምስጢር ያሰናዳውን ወጥመድ ካፓብላንካ ሰሌዳው ፊት ተቀምጦ ባሰበው ብቻ በጣጠሰው፣ ተሰጥኦም ዝግጅትን ረታ ይባላል። ይህ ትርጉም ለጆሮ ይጥማል፤ ጨዋታውን ተራ በተራ ለሚመረምር ሰው ግን አይጸናም። በዚያ ቀን ያልሠራው የማርሻል ሐሳብ ሳይሆን ከሐሳቡ ውስጥ የተመረጠ አንድ እርምጃ ነው። ለዚህም ማስረጃው መቶ ዓመት ያለፈው የመክፈቻው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ጨዋታው ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ቼስ ለማያዘወትር አንባቢ መክፈቻ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ሁለቱም ወገኖች ሠራዊታቸውን ከኋላ ረድፍ አውጥተው ለውጊያ የሚያሰልፉባቸው የመጀመሪያዎቹ ተራዎች መክፈቻ ይባላሉ፤ የተለመዱት አሰላለፎች ለየብቻ ስም አላቸው፣ ለዘመናትም ተጠንተዋል። በእኛ ጥንታዊ ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ጥናት ሊኖር አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበርና። በዘመናዊው ቼስ ግን እያንዳንዱ እርምጃ መልስ ስላለው ተጫዋች ቤቱ ተቀምጦ አሥራ አምስትና ሃያ ተራ አስቀድሞ ማጥናት ይችላል። ከተጠኑት መክፈቻዎች አንዱ በስፔናዊው ቄስ በሩይ ሎፔዝ ደ ሴጉራ ስም የሚጠራው ነው፤ ቄሱ የቼስ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1561 ነበር። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፣ ጥቁሩም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዚያ የሁለቱም ፈረሶች ይወጣሉ፤ በሦስተኛው ተራ የነጩ ጳጳስ ወጥቶ የጥቁሩን መሐል የሚጠብቀውን ፈረስ ያስጨንቃል። አዝጋሚና ጫና የሚያበዛ መክፈቻ ነው። ነጩ አይቸኩልም፤ ጥቁሩም ብዙውን ጊዜ ለረጅም ሰዓት መታፈኑን ተቀብሎ ይጫወታል።

ማርሻል መታፈን የሚችል ሰው አልነበረም። ከ1909 እስከ 1936 የአሜሪካ ሻምፒዮን የነበረው ይህ ተጫዋች የታወቀው በጥቃትና በወጥመድ ነው። በዚያው በ1909 የሃያ ዓመቱን ኩባዊ ካፓብላንካን በግጥሚያ ገጠመውና አንድ ብቻ አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ፤ አሥራ አራቱ አቻ ወጡ። ተመልካቹ የጠበቀው የተገላቢጦሹን ስለነበር ሽንፈቱ ከባድ ነበር። ካፓብላንካ በተቃራኒው እንደ ውኃ የጠራና ጥድፊያ የሌለው አጨዋወት ነበረው። በ1916 ከተሸነፈ በኋላ እስከ 1924 ድረስ በውድድርም ሆነ በግጥሚያ ማንም አላሸነፈውም፤ የ1918ቱ ጨዋታ የወደቀው በእነዚህ ስምንት ዓመታት መካከል ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በሩይ ሎፔዝ ታፍኖ እጠብቀዋለሁ ማለት ለማርሻል ሽንፈትን በቀስታ መጠጣት ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ መፈለጉ ጀብደኝነት አይደለም፤ ተጋጣሚውንና ራሱን የሚያውቅ ሰው ስሌት ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንቅረብ። ዓምዶቹ ከነጩ ግራ ጀምሮ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች ይባላሉ፤ ረድፎቹ ደግሞ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ሁለቱም ንጉሦቻቸውን ከነጩ በኩል ሲታይ በቀኝ ባለው ጥግና በግንብ ከለላ ካስገቡ በኋላ ነጩ ሲ3 ላይ ወታደር አቆመ፤ ቀጥሎ ዲ4ን ለመግፋትና መሐሉን ለመያዝ ነው። በዚህ ጊዜ ጥቁሩ ዘወትር የሚያደርገው የዲ ወታደሩን አንድ ቤት ገፍቶ መሐሉን ማጠናከር ነው። ማርሻል ግን ሁለት ቤት ገፋው፣ ዲ5 ላይ። ወታደር በወታደር ተበላ፣ ጥቁሩ በፈረስ መልሶ በላ፤ ኢ5 ላይ የቀረው የጥቁሩ ወታደር በቂ ጠባቂ ስላጣ ካፓብላንካ በፈረሱ ወሰደው። ፈረስ በፈረስ ተለዋወጠና የነጩ ግንብ ኢ5 ላይ ቆመ። ነጩ አንድ ወታደር አተረፈ። ታዲያ ጥቁሩ ምን አገኘ? የነጩን ንጉሥ በቅርብ የሚጠብቀው ፈረስ ከሰሌዳው ወጥቷል። የነጩ ግራ ክንፍ፣ ማለትም ግንቡ፣ ፈረሱና ጳጳሱ፣ ከተቀመጡበት አልተነሱም። መሐል የወጣው ግንብም በጥቁሩ ጳጳስ ሲባረር ተራ ያቃጥላል። አንድ ወታደር ከፍሎ ሦስት አራት ተራ መግዛት፣ የጋምቢት ነገር ይኸው ነው።

ካፓብላንካ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ወጥመድ ውስጥ እየገባ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ዕውቀቱና ፍርዱ እንደተፈተነ ስለተሰማው ወታደሩን ላለመውሰድ ክብሩ አልፈቀደለትም። ቀጥሎ የመጣው ውርጅብኝ ቀላል አልነበረም። ማርሻል 11ኛው ተራ ላይ ዲ5 የነበረውን ፈረሱን ወደ ኤፍ6 መለሰ፣ ጳጳሱን ዲ6 ላይ አቆመ፣ ፈረሱን ጂ4 ላይ ወረወረ። ነጩ ያንን ፈረስ በወታደር ቢበላው የጥቁሩ ንግሥት ኤች4 ላይ ብቅ ብላ ንጉሡን መድረሻ ታሳጣዋለች። ካፓብላንካ አልበላም፤ ንግሥቱን ኤፍ3 ላይ አወጣት። 15ኛው ተራ ላይ ማርሻል በፈረሱ የኤፍ2ን ወታደር ቆርጦ በላ። ይህንን ፈረስ በንግሥት መብላት ለዓይን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጥቁሩ ጳጳሱን መጀመሪያ ኤች2 ላይ አግብቶ ቼክ ካለ በኋላ ጂ3 ላይ ቢመልሰው ነጩ ይጠፋል። ካፓብላንካ ይህን አይቶ ግንቡን ኢ2 ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ንጉሡ በእግሩ ተጓዘ፤ ከጂ1 ወደ ኤፍ1፣ ወደ ኢ2፣ ወደ ዲ3፣ በመጨረሻም ሲ2 ላይ ደረሰ። በመሐል ሜዳ፣ ሁሉም መሣሪያ ተሰልፎ ባለበት፣ ንጉሥ እንዲህ ሲሻገር ማየት ብርቅ ነው። አቧራው ሲረጋ ነጩ አንድ ግንብ ሰጥቶ በምትኩ ሁለት ቀላል መሣሪያዎችን፣ ፈረስና ጳጳስን፣ ይዞ ነበር። የጥቁሩ ንግሥት ደግሞ ጂ1 ላይ ጥግ ገብታ ነበር፤ ከ25ኛው ተራ በኋላ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አንዴም አልተነቃነቀችም። ጥቁሩ ንጉሥ ፍለጋ የላካት ንግሥት ንጉሡ ጥሎት በሄደው ባዶ ቤት ቆማ ቀረች።

እስካሁን ያለው ታሪክ ለተለመደው ትርጉም የሚመች ይመስላል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ እንከተል፤ ቢ3 ላይ የቆመውን የነጩን ጳጳስ። ይህ ጳጳስ በሰያፍ የሚያየው የጥቁሩን ንጉሥ ደጃፍ፣ ኤፍ7ን ነው። ማርሻል 11ኛው ተራ ላይ ፈረሱን ከዲ5 ሲያነሳ የጳጳሱን መንገድ ከፈተለት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ነጩ የኤፍ2ን ፈረስ በንግሥት በበላና ጥቁሩ ያለ ቼክ በቀጥታ ጳጳሱን ጂ3 ላይ ባስቀመጠ ኖሮ፣ የነጩ ንግሥት ኤፍ7ን ትቆርጣለች። ንጉሡ ሊበላት አይችልም፣ ጳጳሱ ይጠብቃታልና፤ በግንብ ቢበላት ያ ግንብ በዚሁ ጳጳስ ታስሮ ይቀራል፣ የነጩ ግንብ ኢ8 ላይ ገብቶ ማት ይሆናል። ማርሻል በየተራው ይህንን ስጋት እያሰበ መጫወት ነበረበት። 26ኛው ተራ ላይ ያው ጳጳስ ራሱ ፈረሱ ለቅቆት የሄደውን ዲ5ን ያዘና መሐሉን ተቆጣጠረ። የመጨረሻው፣ 36ኛው እርምጃም የእሱ ነው፤ ኤፍ7 ላይ ገብቶ ቼክ አለ፣ ከኋላው ቢ7 የደረሰ ወታደር ንግሥት ሊሆን እየጠበቀ ነበር። ማርሻል እጁን ሰጠ። እንግዲህ ጨዋታውን የዘጋው መሣሪያ የትኛው እንደሆነ፣ መንገዱንም ማን እንደከፈተለት ግልጽ ነው።

በኋላ የመጡ ተንታኞች ያደረጉት ማስተካከያ ይህንን ያረጋግጣል። ዛሬ የማርሻል ጥቃት በሚባለው በዚህ መክፈቻ 11ኛው ተራ ላይ ጥቁሩ ፈረሱን አይነካውም፤ የሲ ወታደሩን ሲ6 ላይ ገፍቶ ፈረሱን እዚያው ዲ5 ላይ ይደግፈዋል። ያ ሰያፍ መንገድ ተዘግቶ ይቆያል። ከዚያ ጳጳሱ ዲ6 ላይ ግንቡን ያባርራል፣ ንግሥቲቱ ኤች4 ወጥታ ነጩን ጂ3 እንዲገፋ ታስገድደውና ኤች3 ላይ ትተክላለች፤ ሁለተኛው ጳጳስና ግንቦቹም ተከትለው ይመጣሉ። የማርሻል ሥዕል ሳይለወጥ የተለወጠችው አንዲት ወታደር ናት። ስምንተኛው ተራ ላይ ያለው የዲ5 ግፊት፣ ወታደሩን መስጠቱ፣ የንጉሡን ክንፍ ማጥቃቱ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ሐሳቡ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ በአንድ ወታደር አይድንም ነበር።

ተቃዋሚ እዚህ ላይ ሊለኝ የሚችለው ይታወቀኛል። መክፈቻን ደግፎ መናገር ቀላል ነው፤ ግን ወታደር ያተረፈ ሰው በትክክል ከተጫወተ ትርፉን ይዞ መሄዱ አይቀርም፤ ካፓብላንካም ያሳየው ይህንኑ ነው። መልሱን ወታደሩን እንዲወስዱ የተጋበዙት ሰዎች ይስጡ። በ1965 ትብሊሲ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኑን የሚገጥመው በሚለይበት የዕጩዎች ፍጻሜ ስፓስኪ ይህንን መክፈቻ ደጋግሞ በታል ላይ ተጠቀመበት። ታል በዘመኑ ከሁሉ የሚፈራ አጥቂ ነበር፤ ግን ትርፍ ወታደር ይዞ መከላከል ሲደርስበት መንገዱ አልቀና አለው፤ ግጥሚያውን ስፓስኪ 7 ለ4 አሸነፈ። ካስፓሮቭ ደግሞ በ1993 ለንደን ላይ ከሾርት ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወት ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ስምንተኛው ተራ ላይ ሲ3ን ትቶ ኤ4ን ገፋ፤ የዚህ እርምጃ አንዱ ጥቅም የማርሻልን ጥቃት ማስቀረቱ ነው። በ2021 ዱባይ ላይ ለዚሁ ማዕረግ ሲጋጠሙ ኔፖምንያሽቺ በካርልሰን ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ ኤች3ን የመረጠውም ከዚሁ ወገን ነው። እነዚህ እርምጃዎች በቼስ ሰዎች ዘንድ የወል ስማቸው ፀረ ማርሻል ነው። በመጽሐፍ ሞተ የተባለ ነገር ቢሆን ኖሮ የዓለም ጠንካራ ተጫዋቾች መንገድ እየቀየሩ ባልሸሹት ነበር። ወታደሩ በነጻ የሚገኝ ትርፍ ከሆነ ለምን አይወስዱትም?

ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በከፍተኛ ደረጃ የማርሻል ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ በአቻ ያልቃል፤ ስለዚህ ጥቃት የተባለው ነገር ጥርሱ ወልቋል ማለት ይቻላል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። እንደ አሮንያን፣ ሌኮ፣ ስቪድለርና አዳምስ ያሉ ተጫዋቾች ይህንን መክፈቻ ለዓመታት የያዙት ማት ለማድረግ ሳይሆን በጥቁር መሣሪያ ሳይሸነፉ ለመውጣት ነው። ጥቁሩ አንድ ወታደር ጎድሎት ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ይደርሳል፤ ሆኖም ሁለቱ ጳጳሶቹ ያድኑታል። ለተመልካች ይህ እንደ ጥንቱ አያጓጓም፤ እኔም በአቻ ያለቁትን እነዚያን ጨዋታዎች አያይዞ ማየት አሰልቺ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን መመዘኛው ምንድን ነው? በቼስ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ነጩ ስለሆነ ብልጫው የእሱ ነው፤ በሩይ ሎፔዝ ደግሞ ብልጫው ረጅም ዕድሜ አለው። ጥቁሩ ያንን ብልጫ በ1 ወታደር ዋጋ አጥፍቶ እኩል ከሆነ መክፈቻው የሚጠበቅበትን አድርጓል። ማርሻል ያለመው ከዚህ በላይ መሆኑ የሐሳቡን ዋጋ አይቀንሰውም።

አሁን ወደ ታዋቂው አባባል እንመለስ፤ ተሰጥኦ ዝግጅትን ረታ ወደሚለው። ካፓብላንካ በዚያ ቀን ያደረገውን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። አንድ የተሳሳተ እርምጃ በቂ በነበረበት ቦታ ደርዘን የሚሆኑ ትክክለኛ እርምጃዎችን በተከታታይ አገኘ። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ የቤት ጥናት ከንቱ ነው ማለት የሰውየውን ብርታት ወደ ሕግ መለወጥ ነው። በ2004 ስዊዘርላንድ ብሪሳጎ ላይ ክራምኒክና ሌኮ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወቱ በስምንተኛው ጨዋታ ሰሌዳው ላይ የወጣው ይኸው የማርሻል ጥቃት ነበር። ነገሩ ግን ከ1918 ተገልብጦ ነበር፤ አዘጋጅቶ የመጣው ነጩ ነው። ክራምኒክ ከረዳቶቹ ጋር በኮምፒውተር ቀድሞ ባጠናው መንገድ ገባ፤ ንግሥቱን በግንብ ለውጦ የኤ ወታደሩን ወደ ንግሥና ለመላክ ነበር ዕቅዱ። ሌኮ ሰሌዳው ላይ አስቦ 25ኛው ተራ ላይ ንግሥቱን ዲ3 ላይ አስቀመጠ። ጥናቱ ያላየው ይህን እርምጃ ነበር፤ ክራምኒክ በ32 ተራ ተሸነፈ። በዚህ ጨዋታ አሰላስሎ ያሸነፈው ጥቁሩ ነው፣ ያውም በማርሻል መክፈቻ። ሁለቱን ጨዋታዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው ተሰጥኦና ዝግጅት ጠላት መሆናቸውን ሳይሆን፣ ጎዶሎ ዝግጅት ጥሩ ጭንቅላት ሲገጥመው የሚደርስበትን ነው። የማርሻል ዝግጅት በአንድ ወታደር ጎደለ፤ የክራምኒክም በአንዲት የንግሥት እርምጃ።

ስለ ምስጢሩ የሚነገረውም ቢሆን በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ማርሻል መክፈቻውን ከ1909 ሽንፈት ጀምሮ ለካፓብላንካ ብቻ ደብቆ አቆየው የሚለው ወሬ ጣፋጭ ስለሆነ ነው የተስፋፋው። የዲ5 ግፊት በዚህ አሰላለፍ በ1893 ሃቫና ውስጥ መጫወቱ ተመዝግቧል፤ ካፓብላንካ በዚያችው ከተማ ያኔ ገና አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ማርሻል ራሱም ከታላቁ ቀን በፊት በ1917 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞክሮታል። ዘጠኝ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ መሣሪያ አልነበረም ማለት ነው። ተረቱ ግን ጉዳት አለው፤ መክፈቻውን አንድ ጊዜ ተተኩሶ ያለቀ ጥይት ያስመስለዋል። በእውነቱ ግን ከብዙ እጅ ያለፈ፣ በሽንፈት የታረመ፣ ዛሬም የሚታረም ሥራ ነው። በ1918ቱ ውድድር ካፓብላንካ አንደኛ፣ ኮስቲች ሁለተኛ፣ ማርሻል ሦስተኛ ወጡ፤ የመክፈቻው ስም ግን የተሸናፊው ሆኖ ቀረ፣ ይህም ፍትሐዊ ነው።

ሰሌዳ ያለው አንባቢ ይህንን በራሱ ይፈትን። መሣሪያዎቹን ደርድሮ እስከ 11ኛው ተራ ይምጣ፤ የነጩ ግንብ ኢ5 ላይ ሲቆም ይቁም። መጀመሪያ ፈረሱን ወደ ኤፍ6 ይመልስና ጨዋታውን እንደ ማርሻል ይቀጥል፤ ከዚያ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ የሲ ወታደሩን ሲ6 ላይ ይግፋ። ቢ3 ያለው ጳጳስ በሁለቱ ጊዜ ምን እንደሚያይ ያስተውል፤ ነጩንም ለጓደኛው ሰጥቶ ወታደሩን ማትረፉ ደስ ይለው እንደሆነ ይጠይቀው።